የቺፕ ንድፍ ምዝገባ በወኪል፦ ማመልከቻው የተዋጣለት፣ ክትትሉ ግን የላላ

ሥራችን የአነስተኛ መሣሪያዎችን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆጣጠሩ ቺፖችን መንደፍ ነው። ከብዙ ድካም በኋላ ያወጣነውን አንድ ቺፕ በሕግ ለማስጠበቅ ስንወስን ጉዳዩን ለአንድ የአእምሮአዊ ንብረት ወኪል ድርጅት ሰጠን። የገዛነው አገልግሎት ሁለት ክፍል ነበረው፤ አንደኛው የንድፉን አቀማመጥ የማስመዝገቢያ ማመልከቻ ማዘጋጀትና ማስገባት፣ ሁለተኛው ደግሞ ምዝገባው ጸንቶ እስከሚቆይበት ጊዜ መዝገቡን መከታተል ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስለማይቻል አስተያየቴን ለየብቻ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያውን ክፍል ያለ ማመንታት አመሰግናለሁ። ጉዳያችንን የያዙት ባለሙያ ገና ቅጹን ሳያወጡ የጠየቁን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ቺፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ የዋለው በየትኛው ቀን ነው?» አሉን። እኛም ምርቱን በይፋ ያስተዋወቅንበትን ቀን ነገርናቸው። ቀኑም ከ11 ወር በፊት ስለነበረ ጊዜ ያለን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ ከዚያ ቀን በፊት በክፍያ ለማንም የተሰጠ ፍሬ መኖር አለመኖሩን፣ ቺፑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በጽሑፍ የቀረበ የሽያጭ ሐሳብ ካለም እንድናጣራ አዘዙን። የሽያጭ ሰነዶቻችንን ስናገላብጥ ለአንድ ደንበኛ ለሙከራ ብለን ሸጠን የላክንበት የርክክብ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ከይፋዊው ማስተዋወቂያ በ8 ወር ይቀድማል። እንግዲህ ሕጉ ማመልከቻ ለማስገባት ከሚሰጠው ሁለት ዓመት 19 ወር አልፎ 5 ወር ብቻ ቀርቶናል ማለት ነው።

የዚህ ጥያቄ ክብደት የሚገባው ሕጉን ለሚያውቅ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣችው የሴሚኮንዳክተር ቺፕ ጥበቃ ሕግም ሆነ ቻይና ከጥቅምት 1 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ፣ ንድፉ በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ ከዋለበት ቀን አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከቻ ካልገባ ምዝገባውን ይዘጋሉ። ያ የርክክብ ወረቀት ባይገኝ ኖሮ ተረጋግተን ስንዘጋጅ ቀነ ገደቡ ሊያልፈን ይችል ነበር።

የሥዕሎቹ ዝግጅትም በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ የቺፑ ንብርብር ቢያንስ 20 እጥፍ ጎልቶ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ባለሙያውም ከንድፍ መሐንዲሶቻችን ጋር ቆመው ጥግ ጥጉን አዩት። ቺፑ የሚሠራውን ተግባር ስናብራራላቸው በትህትና አስቆሙን፤ ይህ ምዝገባ የሚጠብቀው ተግባሩን ወይም ሐሳቡን ሳይሆን የክፍሎቹንና የማገናኛ መስመሮቹን የቦታ አደራደር ብቻ መሆኑን አስረዱን። ስለዚህ «በነዳፊዎች ዘንድ የተለመደ ያልሆነው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ከብዙ ውይይት በኋላ ጣታችንን ያሳረፍነው በማመሳከሪያ ቮልቴጁ ዑደት፣ ማለትም ለቺፑ መለኪያ የሚሆን የማይዋዥቅ ቮልቴጅ በሚሰጠው ክፍል ላይ ነበር፤ በዚያ ቦታ ጥንድ ትራንዚስተሮችን ሙቀት እኩል እንዲያገኛቸው ለማድረግ በመሐል ነጥብ ዙሪያ አፈራርቀን የደረደርንበት መንገድ የራሳችን ነው። እንዲህ ያለው አደራደር በጥቅሉ የታወቀ ዘዴ ቢሆንም፣ የተለመዱ ክፍሎች በአዲስ መልክ ሲጣመሩ ጥምረቱ በሙሉ ኦሪጅናል እስከሆነ ድረስ ጥበቃ እንደሚያገኝ ያወቅነው ከእሳቸው ነው።

በሚስጥር ስለሚያዘው ክፍልም ጥሩ ምክር ሰጥተውናል። የቻይናው አሠራር ገና ገበያ ላይ ያልዋለ ንድፍ ሲመዘገብ ከጠቅላላው ስፋት ከግማሽ ያልበለጠውን በሚስጥር ለመያዝ ያስችላል፤ አሜሪካም ባለ ብዙ ንብርብር ንድፍ ላይ የተወሰኑ ንብርብሮችን ከማስገባት ነፃ የምታደርግበት ሁኔታ አለ። የእኛ ቺፕ አስቀድሞ ስለተሸጠ የቻይናው አማራጭ አይመለከተንም፤ ከንብርብሮቹ ግን ብዙውን ለመሸፈን ፈልገን ነበር፤ እሳቸው ግን የሸሸጉትን ነገር በኋላ በክርክር ጊዜ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳት እንደሚከብድ አስጠንቅቀውን በልኩ አደረግነው።

ስለ ጥበቃው ወሰንም አልሸነገሉንም። ተወዳዳሪ ቺፑን ፈታቶ ቢመረምርና ከመረመረው ተነሥቶ የራሱን ኦሪጅናል ንድፍ ቢሠራ ሕጉ አይከለክለውም። ይሁን እንጂ ምርመራውን መሸፈኛ አድርጎ መገልበጥ እንደማያዋጣ ለማሳየት የሁለቱን የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያዎች፣ የብሩክትሪንና የኤኤምዲን ክርክር ጠቀሱልን። ኤኤምዲ በራሱ ምርመራና ንድፍ ላይ ብዙ ጊዜና ገንዘብ እንዳወጣ የሚያሳይ የሥራ ሰነድ አቅርቦ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ሳይቀበሉት ቀርተው ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ወሰኑበት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1992 አጸናው። ከዚህ በመነሣት የራሳችንን የንድፍ ማስታወሻ ከነስሕተቱ፣ ከነተጣሉት ሙከራዎች ጭምር፣ ቀን እየጻፍን እንድናስቀምጥ መክረውናል። ለዚህ ምክር ብቻ እንኳ የከፈልነው ዋጋ አያስቆጭም።

ማመልከቻው ከገባ ከ4 ወር በኋላ የምስክር ወረቀቱ ደረሰን፤ ፋይሉም ወደ ድርጅቱ የክትትል ክፍል ተላለፈ። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

በዓመቱ «የእድሳት ክፍያ» የሚል ደረሰኝ ላኩልን። የፓተንት ባለቤቶች ይህን ክፍያ በደንብ ያውቁታል፤ እኛ ባመለከትንበት ሕግ ግን የቺፕ ንድፍ ምዝገባ በየጊዜው የሚታደስ አይደለም። የትኛውን አንቀጽ መሠረት አድርገው እንደጠየቁን በጽሑፍ ስንጠይቃቸው በስሕተት የተላከ መሆኑን አምነው ሰረዙት። ሳይጠይቅ የሚከፍል ደንበኛም ሊኖር እንደሚችል ሳስብ ግን ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። በላኩልን የጊዜ ሰሌዳ ላይ ጥበቃው የሚያበቃበትን ቀን የምስክር ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምረው 10 ዓመት ቆጥረው አስቀምጠዋል። ባመለከትንበት ሕግ ግን አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ማመልከቻ ከገባበት ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ ከዋለበት ቀን ከቀደመው ነው። የእኛ ንድፍ ማመልከቻው ከመግባቱ 21 ወር ቀድሞ ስለተሸጠ እውነተኛው ማብቂያ እነሱ ከጻፉት ከሁለት ዓመት በላይ ይቀድማል። በተሳሳተው ቀን ተማምነን ለደንበኛ የፈቃድ ውል ብንሰጥ ኖሮ በሌለ መብት ክፍያ እንቀበል ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጎ ቀኑን ያወጣው ድርጅት ራሱ ቀኑን መልሶ መርሳቱን መቀበል ከብዶኛል።

መብቱን ወደ እኅት ኩባንያችን ስናዛውርም ዝውውሩ በመዝገብ መስፈር እንዳለበት ማንም አላሳሰበንም። ያወቅነው ፈቃድ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ የመዝገብ ቅጂ ጠይቆን የቀድሞው ስም እንዳለ ሲወጣ ነው። ስሙ እስኪስተካከል ድረስ ውሉ ሳይፈረም ቆየ።

ቀጣዩን ቺፓችንን በቅርቡ እናስመዘግባለን። ማመልከቻውን የሚያዘጋጁልን እኒሁ ባለሙያ ናቸው፤ የክትትሉን አገልግሎት ግን አልገዛንም። የመጀመሪያው ርክክብ ወረቀት፣ የማብቂያ ቀኑ ስሌትና የዝውውር ሰነዶቹ በእኛው ቢሮ በአንድ ፋይል ተቀምጠዋል፤ ገና ያልተሸጠው የአዲሱ ቺፕ ፋይልም ከጎኑ ተከፍቶ የመጀመሪያውን ቀን እየጠበቀ ነው።