ፍሉኦ-4 ኤኤም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ላብራቶሪ ውስጥ ከሰው ደም ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል) እየለየሁ፣ ከውጭ ምልክት የሚቀበለው ሪሴፕተራቸው ሲነካ ውስጣቸው ምን እንደሚሆን እከታተላለሁ። ለወራት የተጠቀምኩት ፍሉኦ-4 ኤኤም የተባለውን ቀለም ነው። ካልሲየም ሲይዝ አረንጓዴ ይበራል፤ ካልያዘ ጭልም ይላል። ልዩነቱ ከ100 እጥፍ በላይ ስለሆነ ምልክቱ አያመልጥም።

ባክቴሪያ ፕሮቲን መሥራት የሚጀምረው ፎርሚል የተባለ ቅጥያ ባለበት ሜቲዮኒን፣ ማለትም አሚኖ አሲድ፣ ነው። ኒውትሮፊል ይህን የሚያውቅበት ኤፍፒአር1 የተባለ ሪሴፕተር ገጹ ላይ አለው። (የራሳችን ማይቶኮንድሪያም እንደዚሁ ስለሚጀምር የተጎዳ የሰውነት ክፍልም ይጠራዋል።) ይህንኑ የባክቴሪያ ጅማሬ የያዘችውን፣ ኤፍኤምኤልፒ የምትባለውን አጭር ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) በናኖሞላር፣ ማለትም እጅግ አነስተኛ፣ መጠን ጠብ ሳደርግ ብርሃኑ በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ሪሴፕተሩ ምልክት አስተላላፊውን የጂአይ ፕሮቲን ያነቃል፣ እሱ ፎስፎሊፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም፤ ከዚያ የሚመረተው አይፒ3 የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ሴሉ ውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃል። ያንኑ ፔፕታይድ ወዲያው ብደግም ሴሉ ዝም ይላል። ሪሴፕተሩ ደንዝዟል።

ደስ የሚለኝ ግን ካልሲየም የሚይዘውን ኢጂቲኤ ጨምሬ የውጭውን ካልሲየም ሳስርበት ነው። የመጀመሪያው ጫፍ እንዳለ ይወጣል፤ ብርሃኑ ግን ከወትሮው ቶሎ ይወርዳል። ጅማሬው ከውስጥ ክምችት መሆኑ፣ የሚያቆየው ደግሞ ኦራይ1 በተባለው የሴሉ ሽፋን ቀዳዳ በኩል ከውጭ የሚገባው መሆኑ በአንድ ግራፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዚህ ብቻ እንኳ ቢገዛ አይቆጭም።

አያያዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀለሙ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ፣ እርጥበት ከሳበ የኤኤም ጫፉ ይቆረጣል፤ ያኔ ቀለሙ ሴል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ትንንሽ አድርጌ ከፋፍዬ፣ ከብርሃን ሰውሬ አቀዘቅዘዋለሁ። ቀለሙ ሴል ውስጥ ሲጫን ሙቀት ከበዛ እዚያው ባሉ ከረጢቶች ይታጎራል፤ እኔ በክፍል ሙቀት ነው የምጭነው። ቆይቶ ደግሞ ከሴሉ ይፈሳል፤ መፍሰሱን ለመግታት ፕሮቤኔሲድ የተባለው መድኃኒት ይረዳል። ዋጋው? አይቀመስም።

ትልቁ ጉድለቱ ግን ሌላ ነው፦ ካልሲየሙ ስንት ናኖሞላር ደረሰ ብላችሁ አትጠይቁት። የሚበራው በአንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ቀለም የጠጣ ሴልና ብዙ ካልሲየም ያለው ሴል አንድ ይመስላሉ። ለልኬት ፉራ-2 የተባለው ሌላ ቀለም ይሻላል። በ340 እና በ380 ናኖሜትር ብርሃን እያፈራረቁ አብርቶ የአንዱን ምላሽ ለሌላው ማካፈል ነው። እሱ ግን አልትራቫዮሌት ይፈልጋል፤ የእኛ ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር የሚያይ መሣሪያ) ያለው የ488 ናኖሜትር ሌዘር ነው፣ ለፍሉኦ-4 ልክ የሆነው። ጥያቄያችሁ "ተነሳ ወይስ አልተነሳም? መቼ?" ከሆነ ፍሉኦ-4ን ግዙ። ትንሹን ማሸጊያ።