ኮሊብሪ፦ ካን አካዳሚን ያለ ኢንተርኔት ክፍል ውስጥ ማስገባት

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማስተምረው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት። ኮሊብሪ የሚባለውን ሶፍትዌር ክፍል ውስጥ እንደምጠቀም የሰሙ መምህራን ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ይሠራል ወይ? አዎ፣ ይሠራል። በጣም ነው የወደድኩት።

ካን አካዳሚን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሳልማን ካን ለአንዲት ዘመዱ ሒሳብ በርቀት ከማስጠናት ተነስቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው፣ ለማንም በነፃ የተከፈተ የቪዲዮና የመልመጃ ትምህርት ነው። ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ እኛ ጋ ደግሞ ኢንተርኔቱ የለም፣ ቢኖርም ስልሳ ተማሪ አንድ ላይ ቪዲዮ ሊያይበት አይችልም። ኮሊብሪ የገባው እዚህ ጋ ነው። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ቪዲዮውንና መልመጃውን አንዴ ላፕቶፕ ላይ ታወርዱታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያ ላፕቶፕ ራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎቹ ይዘቱን የሚያቀብል ማሽን ይሆናል፣ ኮምፒውተር ላብ ያሉት ማሽኖች ደግሞ በኔትወርኩ ወይም በተራ ዋይፋይ ራውተር እየገቡ ይማሩበታል። ዳታ አይበላም። ሙሉውን የካን አካዳሚ ይዘት ላውርድ ካላችሁ ግን መጠኑ ከባድ ነው፣ የሚያስፈልጋችሁን ምዕራፍ ብቻ ምረጡ። ጥሩ ኔት ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣትም ይቻላል።

አንድ አንጋፋ መምህር "ይሄ እኮ ያው ፕላዝማ ነው" አሉኝ። አይደለም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፕላዝማው፣ ማለትም በየክፍሉ በተሰቀለ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ነበር የሚመጣው፣ እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት አስተዋውቆ መጨረሻ ላይ ጥቂት ከማጠቃለል በቀር መሀል ላይ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ተማሪው ባይገባውም ስክሪኑ ይቀጥላል። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። እዚህ ግን ማቆሚያው በእኔ እጅ ነው። ሁለት ደቂቃ አሳያለሁ፣ አቆማለሁ፣ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲሠራው አደርጋለሁ፣ ካልገባቸው ወደኋላ መልሼ እደግመዋለሁ። የቪዲዮው እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ይከብዳል። ሰባትና ስምንት ክፍልን በሌላ ቋንቋ ተምሮ ለመጣ ልጅ ያለ መምህር ብቻውን ተመልከት ማለት ጭካኔ ነው።

ከቪዲዮው በላይ የሚጠቅመው ግን መልመጃው ነው። ተማሪው መልሱን እንዳስገባ ትክክል ይሁን ስህተት ወዲያው ያውቃል። ሲቸግረው ፍንጭ ይጠይቃል፣ ፍንጭ ያየበት ጥያቄ ግን በትክክል እንደሠራው አይቆጠርለትም፤ ይሄ በጣም ትክክለኛ አሠራር ነው። በመምህሩ ገጽ ላይ ደግሞ ማን የት ጥያቄ ላይ እንደተቸከለ ይታያል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሌ እጁን የሚያወጣውን ነው የምናውቀው። ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጠዋ ልጅ ትሪጎኖሜትሪ ሳይሆን ክፍልፋይ እንደሆነ የቸገራት ያየሁት በዚህ ገጽ ነው፤ የአምስተኛ ክፍሉን መልመጃ ሰጠኋት፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይስቅባት ሠራችው። ለዚህ ብቻ እንኳ ሶፍትዌሩን አመሰግነዋለሁ።

ጉድለቱም አለ። የካን አካዳሚ ቅደም ተከተል የአሜሪካኖቹ እንጂ የእኛ መጽሐፍ አይደለም። ቬክተር እኛ ጋ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አለ፣ እዚያ ግን ከፍ ባሉት ኮርሶች ውስጥ ነው የምታገኙት፤ ስለዚህ ምዕራፍ በምዕራፍ ማዛመዱ የእናንተ ሥራ ነው፣ ጊዜም ይበላል። ጥያቄዎቹ በዶላርና በማይል የተሞሉ ናቸው። የመጨረሻውን መልስ እንጂ የአሠራሩን ሂደት አያርምም፣ እኔ ደብተር ላይ ሳይሠሩ ኮምፒውተር እንዲነኩ አልፈቅድም። ኮምፒውተሩም ለሁሉም አይደርስም፣ ሁለትና ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፣ ያኔ የመምህሩ ገጽ የሚያሳየው የማንን ውጤት እንደሆነ መጠርጠር አለባችሁ። ስለዚህ ልጆቹ በየስማቸው ተራ በተራ ይግቡ።

መምህሩን ይተካል ወይ ለሚል ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በኢንተርኔት ለዓለም በከፈተው የኤሌክትሪክ ሰርኪት ኮርስ ላይ አንድ የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ተማሪ ሙሉ ውጤት አምጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ "ኢንተርኔት ካለ መምህር አያስፈልግም" ለማለት ይጠቅሰዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኮርሱን ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጡት ራሳቸው ኤምአይቲ የተማሩ ርዕሰ መምህር ናቸው፣ ላብራቶሪውን የሚያግዝ ሰውም ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶላቸዋል። ጎበዙ ልጅ ዙሪያ ሰው ነበረው።

ስለዚህ ለማን ይሆናል? ኮምፒውተር ላብ ላለው፣ የሚተባበር የአይሲቲ መምህር ላለው፣ ማታ ቁጭ ብሎ ነገ የሚያሳየውን ለመምረጥ ለፈቀደ መምህር። ስታስጀምሩ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሳይሆን በቲቶሪያል ሰዓት ጀምሩት፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይዛችሁ። መብራት የሚሄድበት አካባቢ ከሆናችሁ ሰርቨሩን ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ባትሪው ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ጫኑት፣ የወረደውንም ይዘት በሌላ ፍላሽ ቅጂ አስቀምጡ።