ቪትዝ ወይስ ሱዙኪ ዲዛየር?

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ ሁለቱንም የምትገዙት እዚሁ ካለው ነው፣ ስለዚህ ከሞዴሉ በላይ አያያዙን እዩ።

ዋጋ፦ የድሮው ቪትዝ ይረክሳል፣ ዲዛየር ገና አዲስ ስለሆነ ወደድ ይላል።

ሞተር፦ ቪትዝ 1.0 ወይ 1.3፣ ዲዛየር 1.2 ሊትር። ሁለቱም ነዳጅ ቆጣቢ ናቸው።

መለዋወጫ፦ እዚህ ላይ ቪትዝን የሚያህል የለም፣ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ፍሬን ሸራም በሉት ፍሬቻ አዲስም ያገለገለም ታገኛላችሁ፣ የሰፈር መካኒክም ለምዶታል፣ መስኮቱ በእጅ የሚዞር ከሆነማ የሚበላሽ ነገር ራሱ ይቀንሳል እኔ በጣም የምወድለት ይሄንን ነው!

እቃ መጫኛ፦ ዲዛየር፣ 378 ሊትር ይይዛል።

ስጋት፦ ቪትዝ ላይ ዝገትና ጭስ እዩ፣ ዲዛየር ደግሞ ራይድ ሲሰራ ከርሞ ኪሎሜትሩ የተቀነሰ እንዳይሆን አስመርምሩ።

ለስራ መመላለሻና ለጠባብ ፓርኪንግ ቪትዝ፤ ራይድ ለሚሰራ ወይ ቤተሰብ ይዞ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ዲዛየር።