ብረቱ ለሌባ፣ ጂፒኤሱ ለላቫጆ፦ የ11 ወር ልምዴ

ኅዳር 2017 ላይ አንድ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወርድ የቪትዟ የቀኝ ስፖኪዮ የለም። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። መኪናዋ የቆመችው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ፣ ከጥበቃው ቤት 30 እርምጃ በማይሞላ ቦታ ነው። ጥበቃው አባባ "ልጄ፣ ኮሽታ እንኳ አልሰማሁም" አሉኝ። አመንኳቸው። ስፖኪዮ መንቀል ለለመደው እጅ ደቂቃ አይፈጅም።

ለአንዷ ስፖኪዮ 6,500 ብር ከፈልኩ። ያውም ላገለገለ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ጥር ላይ ሲከለከል የነበሩት መኪኖች ተወደዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ መለዋወጫው አብሮ ተሰቀለ። እንግዲህ መኪናችን ላይ ያለው ሁሉ፣ ባትሪው፣ ፍሬቻው፣ ስኮርታ ጎማው፣ ውጭ ያደረ ጥሬ ገንዘብ ሆኗል ማለት ነው። ኢንሹራንሴ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ሰው ብገጭ ይደርስልኛል። ብሰረቅ የራሴ ጉዳይ።

በዚያ ንዴት ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር ገዛሁ። አንዱ የመሪ መቆለፊያ ብረት ነው፣ 1,800 ብር። ሌላው ሞተር የሚያጠፋ ጂፒኤስ፣ ከነማስገጠሚያው 7,500 ብር። ይኸው 11 ወር ሆነኝ። ስገዛ ዋናው ጂፒኤሱ፣ ብረቱ ደግሞ ምራቂ መስሎኝ ነበር።

ከጂፒኤሱ ልጀምር፣ የሚወራለት እሱ ስለሆነ። የክብሪት ሳጥን የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ሲም ካርድ ይጎርሳል። ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ያውቅና በሲሙ በኩል ለስልኬ ያሳብቃል። ከነዳጅ ፓምፑ መስመር ጋር የተያያዘ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አለው፤ ከስልኬ ትእዛዝ ስሰጥ ነዳጅ ይቋረጥና መኪናዋ ትቆማለች። ኤሌክትሪሺያኑ ዳሽቦርዱ ስር ቀብሮት በ40 ደቂቃ ጨረሰ። ፍጥነቱን ሳይ ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር።

ጥር ላይ፣ ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ስወጣ፣ መኪናዋ መሐል መንገድ ላይ ድርግም አለች። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ለቀቀው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ሁለት ልጆች ገፍተው ዳር አስያዙኝ። ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሲያየው የሪሌው ሽቦ በደንብ አልተበየደም፤ ተጠማዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። መኪናዬን ከሌባ የሚያስጥለኝ ዕቃ መጀመሪያ ያስቆመው እኔን ነው። ልታስገጥሙ ካሰባችሁ አጠገቡ ቁሙና ሽቦው ሲበየድ በዓይናችሁ እዩ። 20 ደቂቃ ቢጨምር ነው።

ሁለተኛው ነገር የይለፍ ቃሉ ነው። ሲሰጡኝ 123456 ነበር። ማንም "ቀይሪው" አላለኝም። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት በብዙ አገር በሚሸጥ አንድ የመኪና ጂፒኤስ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ክፍተቱን ያወቀ ሰው በርቀት ገብቶ መኪናው የት እንዳለ ማየት፣ ነዳጁንም ማቋረጥ ይችላል የሚል ነው። የእኔው ሌላ ሞዴል ነው። ቢሆንም ያንን ባነበብኩበት ምሽት ቁጥሩን ቀየርኩት።

ከዚያ የሲሙ ጣጣ አለ። ሲም እስከሆነ ድረስ ጥቅል ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ ጥቅሉ አልቆ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ ሰላም ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ካርታው ላይ የምትታየው ነጥብ የመጨረሻው ቦታ ላይ ቆማ ስለምትቀር ያለች ትመስላለች። ምድር ቤት ፓርኪንግ ስገባም እንደዚያው ነው። ከሲሚንቶው በታች ሳተላይት አይታየውም፤ ነጥቧ የሕንፃው በር ላይ ትቀራለች።

ንዝረት ሲሰማ መልእክት የሚልክበት ነገርም አለው። ሻጩ በጣም ያሞገሰው እሱን ነበር። ክረምቱ እስኪገባ እኔም ወድጄው ነበር። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ ይልካል። ድመት ኮፈኑ ላይ ስትወጣ ይልካል። አሸዋ የጫነ ገልባጭ በአጥሩ ስር ሲያልፍ ይልካል። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በነጠላ ጫማ ሦስት ፎቅ ወርጄ ድመቷን አገኘኋት። ተፋጠጥን። በማግስቱ ንዝረቱን ዘጋሁት።

አሁን ወደ ብረቱ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስፎ የሚይዝ፣ ጫፉ ዳሽቦርዱን እየነካ መሪው እንዳይዞር የሚያደርግ ቢጫ ዱላ ነው። አውሮፓ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ1998 ወዲህ አዲስ መኪና ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሳ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። የእኔዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፣ ቁልፏም ተራ ብረት ነው። ስለዚህ ለእሷ ይሄ ዱላ ቅንጦት አይደለም።

አስቀያሚ ነው፣ አልዋሽም። የመሪ ልብሴን ልጦታል። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲነኩት ያቃጥላል። መጀመሪያ ሰሞን ረስቼው ሞተር አስነስቼ መሪው እምቢ ሲለኝ ደንግጫለሁ። አንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ ፈታሹ መኪናዋን ሲያይ "እህቴ፣ ይሄ ዱላ ምንድነው?" ብሎ አስወርዶኛል። ሰኔ ላይ ደግሞ የቁልፉ ቀዳዳ በአቧራ ተይዞ አልዞር አለ። ዘይት ላፈስበት ስል አንድ የቁልፍ ሠሪ ሽማግሌ "ተይ፣ ዘይት አቧራ ይጠራል" ብለው እርሳስ ፍቀው ዱቄቱን ነፉበት። እስካሁን እንደ ቅቤ ይዞራል።

ፈተናው የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ልደታ አካባቢ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ጋ ቦታ ስላልነበረ ቅያስ ውስጥ አቆምኳት። የፓርኪንግ ልጆቹ ከ12 ሰዓት በኋላ የሉም። ሁለት ሰዓት ላይ ስመለስ የኋላዋ ትንሿ መስታወት ደቅቃለች። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ቦርሳዬ የለም። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ባዶ ምሳ ዕቃና ዣንጥላ ነው። ለእሱ ሲባል የ4,200 ብር መስታወት ሰበረ! ጥፋቱ ግን የእኔም ነው። ቦርሳ በሚታይ ቦታ አይተውም፤ ባዶም ቢሆን ሌባው ባዶ መሆኑን አያውቅም።

በስልኬ መብራት መሪውን ሳየው ብረቱ ላይ የፒንሳ ጥርስ አለ። የቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ ተቧጥጧል። ይዟት ሊሄድ ነበር ወይስ ብረቱን ራሱን ሊሸጠው፣ እሱ ያውቃል። መኪናዋ ግን ቆማለች። ጂፒኤሱ በዚያ ሁሉ ሰዓት "መኪናሽ ልደታ ነው፣ ፍጥነት 0" ሲለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ንዝረቱን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ግን ክፍት ቢሆንስ? እንደ ድመቷ ጊዜ ነበር የምቆጥረው።

ያኔ ነው የገባኝ። ጂፒኤስ የሚጠብቀው ሙሉ መኪና ነው። የሰፈራችን ሌባ ደግሞ መኪና ጠቅልሎ አይጎርስም፤ እየቆረሰ ነው የሚበላው። ዛሬ ስፖኪዮ፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ስኮርታ። ለዚህ ለዚህ 600 ብር የከፈልኩበት ሥራ ከሁለቱም በልጧል። የታርጋ ቁጥሬን ስፖኪዮዎቹና መስታወቶቹ ላይ አስቀረጽኩ፣ ስፖኪዮዎቹንም በሪቬት አስመታሁ። ቁጥር የተቀረጸበት ስፖኪዮ ገዢ ያቅማማበታል። በእነዚህ ወራት ብሎካችን ውስጥ ሁለት መኪና ስፖኪዮ ተነቅሏል፤ የእኔን የነካ የለም።

ሜክሲኮ ሥራ ቦታዬ አጠገብ የሚያቆምልኝ የፓርኪንግ ልጅ አለ። ትኬቱን እየቆረጠ አንድ ቀን ብረቱን አይቶ ሳቀ። "ሲስተር፣ ይሄ እኮ ሌባ አይዝም" አለኝ። "ታዲያ ምን ያደርጋል?" "አጠገብሽ ወደቆመችው ይልከዋል።" ከዚያ ቀን ወዲህ ብረቱን ስቆልፍ ጎን ያለውን መኪና ሳላየው አላልፍም። ትንሽ ይከብዳል።

ጂፒኤሱን ነቅዬ ልሸጠው ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ላቫጆ ሰጥቼ ፀጉር ቤት ገባሁ። ካስኩ ስር ተቀምጬ እንዲያው ሥራ ፈትቼ ካርታውን ስከፍት ነጥቧ ትሄዳለች። ለቡ ደርሳለች። ፍጥነቷ 70 ይላል። ሞተሩን ላጥፋው ብዬ እጄን አነሳሁና የራሴን የሳር ቤት ጉዳይ አስታውሼ ተውኩት። ደወልኩ።

"ወንድም፣ መኪናዬ ታጠበች?"

"እየታጠበች ነው እህት፣ ሳሙና ላይ ናት።"

"ለቡ ነው እንዴ ሳሙናው?"

ዝም አለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጥቧ ተመለሰች። ስደርስ መኪናዋ እውነትም ሳሙና ላይ ናት። የታጠበችበትን አላስከፈለኝም። የባለቤቴ ወንድምም "መገናኛ ነኝ፣ መንገድ ተዘጋግቷል" እያለ ሰበታ የሚሄድበት ዘመን አብቅቷል። እሱ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ይቆየን።

ብረቱ ለእነዚህ ሰዎች ምንም አያደርግም፣ ቁልፉን በእጄ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ጂፒኤሱም ለልደታው ሰውዬ ምንም አላደረገም። የሲሙ ጥቅል በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል፣ አድሰዋለሁ። ንዝረቱን ግን አልከፍተውም።

ባለፈው እሑድ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ፣ እሷም ቪትዝ ነው የምትነዳው፣ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። "እቴ፣ ለአንዱ ብቻ ነው ገንዘብ ያለኝ፣ የትኛውን ልግዛ?" አለችኝ።

"ቁልፍሽን ለማን ለማን ትሰጫለሽ?"

አሰበች። "ለማንም። ማለቴ... ለወንድሜ። ለመካኒኩ። ለላቫጆ ልጆች። አንዳንዴ ደግሞ ለአክስቴ ልጅ።"

"በቃ ጂፒኤሱን ግዢ" አልኳት።