ለጀማሪ የሚሸጠው ኮንትራ፦ ብርኩማውን ብቻ አይተው አይግዙ

በሃንጋሪ የዳንስ ቤት (በሕዝባዊ ሙዚቃ የሚጨፈርበት መሰባሰቢያ) ሙዚቃ ዜማው የቫዮሊን ነው፤ ጨፋሪው እግሩን የሚያነሳው ግን ኮንትራውን ሰምቶ ነው። ኮንትራ ባለ ሦስት ክር ቫዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ መሣሪያ) ነው። ዜማ አይጫወትም፤ ሦስቱም ክሮች በአንድ ደጋን እየተገዘገዙ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ያሰማሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1972 ቡዳፔስት ውስጥ የመጀመሪያው የከተማ ዳንስ ቤት ሲከፈት አርአያ የሆነው የትራንሲልቫኒያው (ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ያለ አካባቢ) የሴክ መንደር ባንድም ቫዮሊን፣ ኮንትራና ቤዝ ነበር።

ለጀማሪ የሚሆነው ርካሹ ምርጫ ከፋብሪካ ቫዮላ የተለወጠው ነው። በደንብ ከተለወጠ ዓመታት ያገለግላል። ብርኩማው (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚደግፈው እንጨት) ብቻ ተቀይሮ የሚሸጠው ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የተራ ቫዮላ ብርኩማ ደጋኑ አንዱን ክር ለይቶ እንዲነካ አናቱ ቅስት ነው፤ የኮንትራው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ እንደ ድሮው ጎበጥ ብሎ ከቀረ መካከለኛው ክር ከጉብታው ጋር እየተነካካ ይነዝራል። ይህን ለማምለጥ ብርኩማው ከፍ ሲደረግ ደግሞ የዳር ክሮቹ ከሰሌዳው ይርቁና ጣት ያደክማሉ፤ ሲጫኗቸውም ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል። መፍትሔው ሰሌዳውን ራሱን መላግ ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ማስመሪያ ሰሌዳው ላይ አግድም ያስቀምጡ፤ በግልጽ ከተወዛወዘ አልተላገም።

ቀጥሎ ክሮቹን ይዩ። ቅኝቱ ሶል፣ ሬ፣ ላ ነው፤ ወፍራሙ የዶ ክር ይወጣል፣ ላው ግን አንድ ኦክታቭ ወርዶ በድምፅ ከሬው በታች ይሆናል (196፣ 294 እና 220 ኸርትዝ ገደማ)። የነበረውን ቀጭን የላ ክር አላልቶ ማውረድ አይሠራም፤ ውጥረቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ክሩ ይልፈሰፈሳል። የሬ ክር ወደ ላ ሲወርድም ከግማሽ እምብዛም ያልበለጠ ውጥረት ይቀረዋል። ሁለተኛ የሶል ክር አስገብቶ አንድ ሙሉ ቶን መሳብ ይሻላል፤ ውጥረቱ በሩብ ያህል ስለሚጨምር ቀስ ብለው ይቃኙት። ለኮንትራ ተብሎ የተሠራ ክር ካገኙ ከሁሉም ይበልጣል።

ለመፈተሻ ሁለት ኮርድ ይበቃል። ሶልና ሬ ክፍት ሆነው ላውን ሲ ላይ ሲጫኑ ሶል ሜጀር ይመጣል። ሶል ክፍት፣ ሬው ሚ ላይ፣ ላው ዶ ላይ ሲሆን ዶ ሜጀር ነው። ሦስቱም ክሮች በአንድ ጊዜና በእኩል ኃይል ካልጮኹ የብርኩማው አናት አልተስተካከለም ማለት ነው።

አብሮት የሚሰጠው ደጋን ብዙ ጊዜ ቀሊል ነው፤ እሱን ቢተዉት ይመረጣል። ዘገም ባለው ቻርዳሽ (የሃንጋሪ ጭፈራ) ዱቮ የሚባለው የአጃቢ ስልት በአንድ የደጋን ጉዞ ሁለት ምት ይይዛል፣ ሁለተኛው ጠበቅ ይላል፤ ቀላል ደጋን ሦስት ክር ተጭኖ ያንን ግፊት አይሰጥም። ከበድ ያለ፣ ፀጉሩም ትንሽ ላላ ያለ ይምረጡ። ኤስታም በሚባለው ፈጣን የአጃቢ ስልት ቤዙ ምቱ ላይ ሲያርፍ ኮንትራው በመሃል ስለሚገባ እዚያ ቀሊሉም ይሠራል።

ልብዎን የሳበው የጂሜሽ (በምሥራቅ ካርፓቲያን ተራሮች ያለ አካባቢ) ሙዚቃ ከሆነ ግን ኮንትራ አይግዙ። እዚያ ቫዮሊኑን የሚያጅበው ጋርዶን ነው፤ ቼሎ የሚመስልና ክሮቹ በዱላ የሚመቱ መሣሪያ። ለትራንሲልቫኒያዎቹ ለሴክ፣ ለካሎታሴግና ለሜዞሼግ አካባቢዎች ዜማዎች ግን ሰሌዳው የተላገ ኮንትራ ካገኙ፣ ቀለሙ ቢፋቅም እንኳ ይውሰዱት።