«ዘ ኢንፎርመር» ወይስ «ኤ ስታር ኮልድ ሄንሪ»፦ የአየርላንድን የነጻነት ትግል ዘመን በልቦለድ ለማንበብ የቱን እንግዛ?

ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ከበቃ፣ የሊያም ኦፍላኸርቲን «ዘ ኢንፎርመር» ግዙ እላለሁ። የሮዲ ዶይል «ኤ ስታር ኮልድ ሄንሪ»ም ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱ ለተለያየ አንባቢ ናቸው።

«ዘ ኢንፎርመር» የታተመው በ1925 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጂፖ ኖላን የሚባል ግዙፍ የቀድሞ ፖሊስ፣ በፖሊስ የሚታደነውን አብዮተኛ ጓደኛውን ፍራንኪን በ20 ፓውንድ ይጠቁምበታል። ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ የደብሊን ሌሊት ያልቃል። እኛ ባንዳ ብለን የምንተፋው ዓይነት ሰው ነው፤ ኦፍላኸርቲ ግን የሰውየው ግራ የተጋባ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ብሩ ኪሱ ውስጥ አላስቀምጥ ይለዋል። መንገድ ላይ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይጋብዛል። በከፈለ ቁጥር በራሱ ላይ ምስክር እያበዛ መሆኑን አያስተውልም፤ እኛ ግን አብረነው እንቆጥራለን። ጠቋሚውን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፤ ልብ የሚያንጠለጥለው አብዮተኞቹ መቼ ይነቁበታል የሚለው ነው። ደራሲው የአብዮተኞችን ዓለም በወሬ ብቻ አልሰማም፦ በጥር 1922 ከሥራ አጦች ጋር ሆኖ ሮቱንዳ የተባለውን የደብሊን አዳራሽ ይዞ ቀይ ባንዲራ ሰቅሏል።

አንድ ነገር ግን ሳትገዙ እወቁ። ታሪኩ የሚካሄደው ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ውጊያ ካበቃ በኋላ፣ አየርላንዳውያን እርስ በርሳቸው የተዋጉበት ጦርነት ማግስት ላይ ነው። በ1916 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የፋሲካ አመፅ እና ከ1919 እስከ 1921 የዘለቀውን ጦርነት ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ፣ በ1999 የወጣውን የዶይልን ያዙ። ሄንሪ ስማርት ገና በ14 ዓመቱ የደብሊን ዋና ፖስታ ቤትን ከያዙት አማፂዎች ጋር ነው፤ በኋላ ከነጻነት ታጋዮቹ መሪዎች አንዱ ለነበረው ለማይክል ኮሊንስ ሰው ይገድላል። ከእጁ የማትለየው መሣሪያ የአባቱ የእንጨት እግር ናት! ድርጊቱ ይሮጣል፤ ሄንሪ ግን ጀብዱውን ራሱ ስለሚተርክ፣ በጂፖ የተጨነቅሁትን ያህል አልተጨነቅሁለትም። ንግግሩ የደብሊን ሰፈር እንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ገና ለሚከብደው ሰው ይፈትናል። ደግሞም የሦስት ቅጽ መጀመሪያ ነው፤ ከወደዳችሁት ሁለት ተጨማሪ ትገዛላችሁ።

ተኩሱ ከሩቅ እንዲሰማ፣ ንባቡም ረጋ እንዲል የምትሹ የጄ ጂ ፋረልን «ትራብልስ» (1970) ፈልጉ። ማጀስቲክ የተባለ ትልቅ ሆቴል በነዋሪዎቹ ላይ ቀስ እያለ ሲፈርስ፣ ድመቶች ፎቁን ሲወርሱት ታያላችሁ።