ስምንት ወር ከዚህ ስቶሬጅ ጋር፦ አራቱም ፖርት አረንጓዴ፣ ዳታው ግን የለም

ስቶሬጁን፣ ማለትም ሰርቨሮች በኔትወርክ የሚጠቀሙበትን የዲስክ ማከማቻ፣ ከገዛሁት ስምንት ወር ሞላ። ዲስኮቹ ደህና ናቸው፤ አንድም አልተበላሸብኝም። ስለነሱ ይሄ ይበቃል። ይህን የምጽፈው ሆስት ፖርቶቹ (ሰርቨሮቹ የሚገናኙባቸው መሰኪያዎች) በሚስተካከሉበት ገጽ ምክንያት ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

መጀመሪያ ስተክለው ነገሩ ቀላል ነበር። ሁለት ኮንትሮለር (ስቶሬጁን የሚመራ ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ ላይ ሁለት የአይኤስሲኤስአይ (ዲስክን በኔትወርክ ለሰርቨር የሚያቀርብ ስልት) ፖርት። ለአራቱም አይፒ ሰጠኋቸው። የየኮንትሮለሩን አንደኛ ፖርት በአንድ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል)፣ ሁለተኛውን በሌላ ሰብኔት አደረግኩ፤ አንዱ ስዊች (ኬብሎቹን የሚያገናኘው መሣሪያ) ቢሞት ሰርቨሩ በሌላው መንገድ እንዲሄድ ብዬ። እዚያው ገጽ ላይ «ጃምቦ ፍሬም» የምትል ሳጥን አለች፤ ዳታው በትልልቅ ፍሬም (እሽግ) እንዲሄድ የምታደርግ። ምልክት አደረግኩባትና ወጣሁ። ሰርቨሩ ተገናኘ፣ አምስት ወር ሙሉ ኮሽ ሳይል ሠራ።

በስድስተኛው ወር ሁለተኛ ሰርቨር መጣ። የሱን ኔትወርክ ካርድ ኤምቲዩ (አንድ ፍሬም የሚይዘው ትልቁ የዳታ መጠን፣ በባይት) 9000 አድርጌ ከስቶሬጁ ጋር አገናኘሁት። ሎጊን አደረገ። ዲስኩም ታየ። ፎርማት ላደርገው ስል ግን ቀጥ አለ። ሎጉን ከፈትኩት፦ ገባ፣ ተቋረጠ፣ ገባ፣ ተቋረጠ። በየጥቂት ሰከንዱ ያው ነው። ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት) ሳደርግ ወዲያው ይመልሳል። የፖርቶቹን ገጽ ስከፍት አራቱም አረንጓዴ፤ «ሁሉም ደህና» ይላል።

ኬብል ቀየርኩ። ካርድ ቀየርኩ። ድራይቨር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የድሮው ሰርቨር በዚያው ስቶሬጅ፣ በዚያው ስዊች እንደ ልቡ ስለሚሠራ ጥፋቱ የአዲሱ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ፒንጉን በትልቅ መጠን ሞከርኩት፤ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክዬ፣ በ8972 ባይት። ለምን 8972 ካላችሁ፣ ከ9000 ላይ 20 ለአይፒ ሄደር (ከዳታው ፊት ለሚሄደው የአድራሻ መረጃ)፣ 8 ለራሱ ለፒንጉ ሄደር ሲቀነስ የሚቀረው እሱ ነው። ዝም። በ1472፣ ማለትም ከ1500 ያንኑ 28 ቀንሼ፣ ስልከው መለሰ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሁለቱም ስዊቾች ላይ ያለው ኤምቲዩ ገና ተራው 1500 ነው።

የድሮው ሰርቨር ታዲያ እንዴት ሠራ? የሱ ካርድ 1500 ላይ ነበር። ቲሲፒ (ዳታውን የሚያደርሰው የኔትወርክ ደንብ) ግንኙነት ሲጀምር ሁለቱም ወገን መቀበል የሚችለውን መጠን ይነግራል፤ ከዚያ በትንሹ ይስማማሉ። ስለዚህ ሳጥኗ ላይ ምልክት ባደርግም አምስት ወር ሙሉ የሄደው ተራ ፍሬም ነው። አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ ሁለቱም 9000 አሉና ትልልቁ ፍሬም ተላከ። ስዊቹ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ፍሬም ይጥለዋል፤ ለላኪው «ይሄ አያልፍም» የሚል መልእክት አይመልስም። የሎጊን ፓኬቶች ትንንሽ ስለሆኑ ያልፋሉ፣ ዳታው ይቀራል።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቃለሁ፦ «ጥፋቱ የስዊቹ ነው፣ የኛ ዕቃ ምን አደረገ?» እሺ ወንድሜ፣ ስዊቹን ያላስተካከልኩት እኔ ነኝ። ግን ያንተ ገጽ ኬብሉ መሰካቱን ብቻ አይቶ አረንጓዴ ያበራል። ዳታ ማለፉን አላየም። ከስቶሬጁ ራሱ ወደ ሰርቨሩ በትልቅ መጠን ፒንግ የሚያደርግ አንድ በተን ቢኖረው ሦስት ቀኑ አምስት ደቂቃ ይሆን ነበር። «መመሪያው ላይ ተጽፏል» እንዳትለኝ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ ጃምቦ ፍሬም ምን እንደሆነ ይናገራል፣ መንገዱ ሁሉ እኩል ካልሆነ ምን እንደሚመስል አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ለጊዜው ብዬ የሳጥኗን ምልክት አነሳሁ። ሴቲንጉ የአንድ ፖርት መስሎኝ ነበር። ለካ የሁሉም ነው! አራቱም ፖርት፣ በሁለቱም ኮንትሮለር፣ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ደህና ሲሠራ የነበረው ሰርቨርም መንገዱን ሁሉ አጥቶ ቆመ። ሁለት ኮንትሮለር የገዛሁት እኮ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዝ ነው! ሁለቱንም የሚጥል ሴቲንግ ከመተግበሩ በፊት «ሁሉም ፖርቶች ይቋረጣሉ፣ ልቀጥል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም።

በመጨረሻ ስዊቾቹን 9216 አድርጌ፣ የሳጥኗን ምልክት መልሼ፣ የድሮውን ሰርቨርም ወደ 9000 አሳድጌ ጨረስኩት። የስዊቹ ቁጥር ከፍ ያለው የኤተርኔቱ ሄደር ራሱ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ባካፑ ትንሽ ፈጥኗል። ያን ያህል ግን አይደለም፤ ሁለት ሰርቨር ብቻ ላለው ሰው 1500 ላይ መተው ይሻላል እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አልነፍገውም። ባካፕ እየሄደ አንዱን ኬብል ነቅዬ ሞክሬዋለሁ። ለአፍታ ቆመ፣ በሌላው መንገድ ቀጠለ፣ አንድም ፋይል አልጠፋም።

እንደገና ትገዛዋለህ ወይ ላላችሁኝ፣ ዛሬ አልገዛውም። ፖርቱን በራሱ የሚፈትሽ ሌላ ካገኘሁ እሱን እወስዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ሰርቨር አስገባሁ። ዲስክ ከመስጠቴ በፊት ወደ አራቱም ፖርት በ8972 ላክሁ። አራቱም መለሱ። ገጹን ከፍቼ አየሁት፤ ያኔ በሦስቱ ቀናት ያሳየኝን ያንኑ አረንጓዴ አሁንም ያሳያል።